የሲንደልፊንገኑ ከንቲባ፦ ሰውዬው ነው ወይስ የመርሰዲስ ብር?

ባለፈው ሳምንት ጀርመን ያለን ሰዎች የምናወጋበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጣል አድርጌ ወጣሁ። የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለነበርኩ ሁለት ቀን ዞር ብዬ አላየሁትም። ስመለስ ብዙ መልስ ተደርድሮ ጠበቀኝ፤ እኔም ገባሁበት፣ አሁን 43 ደርሷል። ገሚሱ ቁም ነገር ነው፣ ገሚሱ ንትርክ ነው፣ አራቱ ደግሞ ስለ ደረጃ መጥረግ ነው። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ በየቁጥሩ እየተከተልኩ ላውጋችሁ።

መነሻው ጽሑፍ የኔ ነው። ከሽቱትጋርት በደቡብ ምዕራብ በኩል 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄድ ብሎ ሲንደልፊንገን የምትባል ከተማ አለች። የድሮ የሸማኔ ከተማ ናት። በ1915 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የመርሰዲስ አምራቹ ዳይምለር ፋብሪካ ተከለባት። ዛሬ የመርሰዲስ ኤስ ክላስ የሚወጣው ከዚያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ እስከ 1977 ከተማዋን የመራት አርቱር ግሩበር የሚባል ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ማለት ነው። ሲረከባት ፋብሪካዋ በቦምብ የተደበደበ፣ 10 ሺህ ምናምን ሕዝብ ያላት ነበረች። ሲለቃት ሕዝቧ ከ50 ሺህ አልፏል፣ ስሟም ከጀርመን ሀብታም ከተሞች ጋር ይጠራል። ታዲያ ከተማዋን ያዘመናት ሰውዬው ነው ወይስ ፋብሪካው? እኔ ለሰውዬው አደላሁ። ገንዘብ ያለው ሁሉ ቤት አይሠራም ብዬ ጻፍኩ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ጣጣውን ያመጣችው።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታ አቅርቦ፣ አመስግኖ፣ ሙሉ በሙሉ እንደሚስማማ ጻፈ። የሚኖረው ማይሺንገን ነው። ማይሺንገንና ዳርምስሃይም እስከ 1971 ድረስ ራሳቸውን የቻሉ መንደሮች እንደነበሩና በዚያ ዓመት ወደ ሲንደልፊንገን እንደተጠቃለሉ አስታወሰን። ሃምሳ ዓመት አልፎም ታችኛው ፎቅ ያሉት አሮጊት የሲንደልፊንገን ሰው ነዎት ሲባሉ ይቆጣሉ አሉ።

ቁጥር 2 እርማት ይዞ መጣ። ልክም ነው። እኔ ግሩበርን ከመጀመሪያው ጀምሮ ኦበርቡርገርማይስተር፣ ዋና ከንቲባ እንደማለት፣ አድርጌው ነበር። ሲንደልፊንገን ያንን ማዕረግ የሚያሰጣትን ደረጃ ያገኘችው በ1962 ነው። ከዚያ በፊት ተራ ቡርገርማይስተር፣ ከንቲባ፣ ነው የሚባለው። ሁለተኛው እርማቱ የበለጠ ይጠቅማል። ሲንደልፊንገን ባለችበት ክልል፣ ባደን ቩርተምበርግ ውስጥ፣ ከንቲባ የሚሾም ሰው አይደለም። ሕዝቡ ራሱ በቀጥታ ይመርጠዋል፤ ዛሬ ባለው ሕግ ዘመኑ ስምንት ዓመት ነው። ምክር ቤቱን የሚሰበስበውም እሱ፣ መሥሪያ ቤቱን የሚመራውም እሱ ነው። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት መቀመጥ ማለት ወንበር ላይ መጣበቅ ሳይሆን እየደጋገሙ ተመልሶ መመረጥ ነው ባይ ነው። የኔ አጻጻፍ ሰውዬውን የወንበር ሰው አስመስሎታል አለ። አነበብኩት፣ እውነትም አስመስሎታል።

ቁጥር 3 የግብር ሰው ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ የጻፈው ነገር በጣም ረዝሞ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። ነገሩን ግን እንደሱ ግልጽ አድርጎ የነገረኝ የለም። ጀርመን ውስጥ ጌቨርበሽቶየር የሚባል ግብር አለ። ፋብሪካው ካተረፈው ላይ የሚከፈል ሆኖ በዋናነት የሚገባው ለከተማው ነው። አሁን ባለው አሠራር አንድ ድርጅት 1 ሚሊዮን ዩሮ አተረፈ እንበል። መጀመሪያ 3.5 በመቶው ይሰላል፣ 35 ሺህ ይሆናል። ከዚያ ከተማው ራሱ በወሰነው ማባዣ ይባዛል። ማባዣው 400 በመቶ ከሆነ 140 ሺህ ዩሮ ከተማው ካዝና ይገባል። ድርጅቱ ብዙ ከተማ ውስጥ ፋብሪካ ካለው ደግሞ ግብሩ ለከተሞቹ የሚከፋፈለው በየቦታው በሚከፈለው ደመወዝ ልክ ነው። እዚህ ላይ ነው ምሥጢሩ አለ። መኪና አምራች ሲንደልፊንገን ውስጥ በአሥር ሺህዎች ለሚቆጠር ሰው ደመወዝ ይከፍላል። ያውም በጥቂት ሺህ ሰው የጀመረች ከተማ ውስጥ። ከ1970 ወዲህ ከተሞች ከዚህ ግብር የተወሰነውን ለፌዴራሉና ለክልሉ መንግሥት እንዲያካፍሉ ተደርጓል። እና የግሩበር ብልጫ፣ በቁጥር 3 ሚዛን፣ ትክክለኛው ፋብሪካ ትክክለኛው ሜዳ ላይ መተከሉ ነው፤ እሱን የተከለው ደግሞ ግሩበር አይደለም።

ቁጥር 4 አንድ መስመር ናት። ገንዘቡ ነው፣ ተፈረደ፣ ክሩ (ውይይቱ ማለት ነው) ይዘጋ። ሰባት ሰው ወደደላት። በአንድ መስመር የሚፈርድ ሰው ለምን ሁልጊዜ እንደሚወደድ አይገባኝም።

ቁጥር 5 አልተዋጠላትም። የሲቪል መሐንዲስ ናት፣ ነገሩ ሙያዋ ነው። 10 ሺህ ሰው 50 ሺህ ሲሆን ሰው የሚያየው ፎቁን ነው አለች። ከፎቁ በፊት ግን ውኃ አለ፣ የፍሳሽ ቱቦ አለ፣ የትምህርት ቤት ወንበር አለ። መጀመሪያ ከምሥራቅ የተፈናቀሉት ጀርመኖች መጡ። በ1955 ከጣሊያን ጋር ስምምነት ተፈረመና ጣሊያኖቹ ተከተሉ። በ1961 ቱርኮች፣ በ1968 ዩጎዝላቮች። እነዚህ ሁሉ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ይገኛሉ፤ ማታ ግን የሚተኙበት መፈለግ የከተማው ሥራ ነው። ከአዲሶቹ ሰፈሮች አንዱ ፊቫይደ ይባላል። ትርጉሙ የከብት ግጦሽ ማለት ነው። ስሙን ሰምታችሁ ሳር አትፈልጉ አለች። መርሰዲስ የፍሳሽ ቱቦ አይቀብርም፣ ፋብሪካ ይዘው የቆሸሹ ከተሞች ሞልተዋል ብላ ዘጋችው። በዚህ ጊዜ እኔ ደስ ብሎኛል፤ ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ።

ቁጥር 6 ፎቶ ለጠፈ። ሲንደልፊንገን ስትነሳ የእብነ በረዱ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። መሀል ከተማው ላይ የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ መስመር ቀለም አይደለም፣ እብነ በረድ ነው። ከተማዋ ብር የት እንደምታደርገው ጠፍቷት በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። ፎቶው ዝናብ ላይ የተነሳ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ መሀል ነጩ ሰሌዳ ያብረቀርቃል። የአንዱ ጠርዝ ትንሽ ተሸርፏል፤ ሽራፊው ውስጥ የሲጋራ ቁራጭ ገብቶበታል። ከታች የፎቶ አንሺው ጫማ አፍንጫ ይታያል። ጫማው መወልወል ነበረበት፤ ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ሰው አላለም።

ከ7 እስከ 10 ሳቅ ነው። ሽቫቦች፣ ማለትም የዚያ አካባቢ ሰዎች፣ በቆንቋናነታቸው በመላው ጀርመን የታወቁ ናቸው። ሽቫብ እብነ በረድ አስፋልት ላይ አነጠፈ ማለት ጎንደሬ ጠላ ጠልቶ ወተት ጠየቀ እንደማለት ነው ያለ ሰው ነበር። ጎንደሬው ቁጥር 8 ተቀየመ። ቁጥር 9 ደግሞ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማውን አመጣ። ቀለም በየጊዜው መቀባት አለበት፣ እብነ በረድ አንዴ ነው፤ ስለዚህ ይሄም ቁጠባ ነው ይላሉ አሉ። እንዲህ ያለ መልስ ከሽቫብ በቀር ማንም አያስበውም።

ቁጥር 11 የጨዋታውን ስሜት ቀየረችው። በከተማ ፕላን ዙሪያ ትሠራለች። ማዘመን ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው ብላ ጀመረች። ሲንደልፊንገን በ1263 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ማርቲን ቤተ ክርስቲያኗ የተባረከችው በ1083 ነው፣ በዕድሜ ከከተማዋም ትበልጣለች። የእንጨት ማገር ያላቸው የጥንት ቤቶች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ከነሱ ወጣ ስትሉ ግን ኮንክሪት ነው፣ ሰፊ መንገድ ነው፣ ማቆሚያ ነው። ከተማዋን የሚመግባት መኪና ስለሆነ ከተማዋም ለመኪና ተሰፋች ባይ ናት። በኋላ ዳር ላይ ብሮይኒንገርላንድ የሚባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል መጣ። ሰው እዚያ ያቆማል፣ እዚያው ገዝቶ እዚያው ይመለሳል። ቅዳሜ ከሰዓት መሀል ከተማው ገበያ አደባባይ ላይ ቁጭ ብላ የሚያልፈውን ሰው በጣቷ ቆጥራ እንደምታውቅ ጻፈች። ቁጥር 5 መለሰችላት፤ የመኖሪያ ቤት እጥረት ባለበት ዘመን ውበት የቅንጦት ጥያቄ ነው ብላ። ሁለቱ በመከባበር ሦስት ዙር ተመላለሱ። የክሩ ምርጥ ክፍል ይሄ ነበር፤ አጥብቄ እመክራለሁ፣ ከ11 እስከ 16 ያለውን ራሳችሁ አንብቡት። 

ቁጥር 17 ግን በሩን በእርግጫ ከፍቶ ነው የገባው። ስለ ፋብሪካው እንዲህ ስታወሩ እፍረት የላችሁም ወይ አለ። ፋብሪካው ሲመሠረት በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሀል ለአውሮፕላን ሥራ ነው። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ከተያዙት አገሮች የተጋዙ ሰዎች በግዳጅ ሠርተውበታል። ዳይምለር ቤንዝ ለዚህ 20 ሚሊዮን ማርክ የመደበው በ1988 ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ። ብሩ ከየት መጣ ስትሉ ከዚያ ጀምሩ አለ። ቁጥር 18 ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ልጄ ልክ ነህ፣ ግን ከንቲባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው በሚል መንፈስ ረጋ ብለው መለሱ። ቁጥር 19፣ ያው ቁጥር 17 ነው፣ በኋላ የመጣ ሁሉ ከወረሰው ነገር ነፃ አይወጣም ብሎ ቆጣ አለ። ለጋሼ እንዲያ አይመለስም። ሐሳቡን ግን እስካሁን ከራሴ አላወጣሁትም። የኔ መነሻ ጽሑፍ ፋብሪካው በቦምብ ተደበደበ ብሎ ይጀምራል፤ ቦምቡ ሲወርድ ውስጡ ማን እየሠራ እንደነበር አይናገርም።

ቁጥር 20 ማንን አይቶ እንደመጣ አላውቅም፣ ስለ ኬርቮኸ አነሳ። ሽቫብ አገር የኖረ ያውቀዋል። ተከራይ በሳምንት በሳምንት ተራ እየገባ ደረጃውንና ከቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ ይጠርጋል፤ ተረኛው በር ላይ ትንሽ ሰሌዳ ትንጠለጠላለች። የሱ ጎረቤት ሰሌዳዋን እሱ ተራ ባልሆነበት ሳምንት እየሰቀለበት ሁለት ወር ሙሉ ደረጃ ጠርጓል። ለምን አልጠየቅክም ሲባል ጀርመንኛዬ አይበቃም ነበር አለ። ከ21 እስከ 23 ተመሳሳይ እንባ ነው። ከንቲባው ተረሳ።

24 እና 25 የሉም። ተቆጣጣሪው አጥፍቷቸዋል። ከመጥፋታቸው በፊት አይቻቸዋለሁ፤ አንዱ የአዲስ አበባን ከንቲባዎች ብዛት ከግሩበር ሠላሳ ዓመት ጋር አነጻጽሮ ነበር፣ ሌላው የመጀመሪያውን ሰው ብሔር ጠየቀ። ተቆጣጣሪው 26 ላይ ስለ ጀርመን ከተማ እያወራን ነው፣ እዚያው እንቆይ ብሎ አስጠነቀቀ። እጁ ይባረክ።

ቁጥር 27 በመኪና ዕቃ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ቁጥር 4ን ስሙን ጠርቶ ነው የጀመረው። ገንዘቡ ነው ብለህ ዘጋኸው፣ ገንዘቡ ሲቀርስ አለው። በ2009 መጨረሻ ዳይምለር ሲ ክላስ የሚባለውን መኪና ከሲንደልፊንገን አውጥቶ ከ2014 ጀምሮ ብሬመን ከተማ እንደሚሠራ አስታወቀ። ሠራተኛው በሺህዎች አደባባይ ወጣ። እሱም ወጥቶ ነበር፣ ፊሽካ እየነፋ፤ ያውም የመርሰዲስ ሠራተኛ ሳይሆን። እሱ የነበረው ስሙን የማይጠራው አንድ ዕቃ አቅራቢ ድርጅት ውስጥ በኪራይ ሠራተኛነት ነው። ቀውስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸኘው የኪራይ ሠራተኛ ነው። አርብ ዕለት ጓንቱንና የደህንነት ጫማውን አስረከበ። ጫማው ያንተ ነው ውሰደው ቢሉት እንኳ አንድ ነገር ነበር አለ። ታዲያ ያ ዓመት ለከተማውም ጠባብ ነበር፤ ትርፍ ከሌለ ግብር የለም። ቁጥር 3 ራሱ መጥቶ ይህንን አጸናለት።

ከዚያ ቁጥር 29 መጣ፣ ክሩም ሕይወት ዘራ። እናንተ ስለ ግብር ታወራላችሁ፣ እኔ ሲንደልፊንገንን የማውቃት በኃይሌ ነው አለ። በ1996 ክረምት በቤት ውስጥ ሩጫ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ሽቱትጋርት አጠገብ ነው ብሎ ሰዓቱን አሳስቶ ጻፈ። 30 ላይ አንዱ አረመው፣ ትንሽ ጠበቅ አድርጎ። ሁለት ሩጫ ነው አንተ ያደባለቅከው። በፈረንጅ ጥር 27 ቀን 1996 ሲንደልፊንገን ውስጥ 5 ሺህ ሜትር፣ 13 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ከ98። ታንዛኒያዊው ሱሌማን ኒያምቡዪ ከ1981 ጀምሮ ይዞት የነበረውን በዘጠኝ ሰከንድ ነው ያሻሻለው። ከስምንት ቀን በኋላ ደግሞ ሽቱትጋርት ላይ 3 ሺህ ሜትሩን በ7 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ከ72 ሰበረ። 29 ይቅርታ ጠየቀ። በኢንተርኔት ይቅርታ የጠየቀ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ።

ቁጥር 31 አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ አለ። አዳራሹ ግላስፓላስት ይባላል፣ የመስታወት ቤተ መንግሥት ማለት ነው። የሙኒክን ኦሎምፒክ ፓርክ የነደፈው አርክቴክት ጉንተር ቤኒሽ የሠራው ነው። መሙ 200 ሜትር ስለሆነ 5 ሺህ ሜትር ማለት 25 ዙር ነው። ይሄ ሰው በደስታ ሲጮህ አሥራ ምናምነኛው ዙር ላይ ቁጥሩ ጠፋበት። አጠገቡ የተቀመጡ አንድ ሽቫብ ሽማግሌ ግን ጉልበታቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጭረት ይጭሩ ነበር። አምስተኛዋን ጭረት በአራቱ ላይ አግድም ያደርጓታል። ስንት ቀረ ብሎ በእጁ ሲጠይቃቸው ወረቀቱን አዞሩለት። ሲያልቅ ሽማግሌው አልጮሁም፣ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተው ጨበጡት። የጋሼ እጅ ነው የመሰለኝ ብሎ ጽፏል።

32 ላይ እኔ ራሴ ገባሁ። ዓመቱን አይታችሁታል ወይ አልኳቸው። ግላስፓላስት ያለቀው በ1977 ነው፣ ግሩበር የለቀቀበት ዓመት። በ1980 የአውሮፓ የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተካሄደበት። የትንሽ ከተማ ከንቲባ እንዲህ ያለ አዳራሽ አቁሞ ሄደ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የኛ ልጅ ሮጠበት። ስለዚህ ክብረ ወሰኑ የግሩበርም ነው ብሎ 33 ቀለደ። 34፣ የግብሩ ሰው፣ አይደለም የመርሰዲስ ነው አለ። ሁለታችሁም ዝም በሉ የኃይሌ ነው፣ ይሄ 35 ነው።

እጄን ያስሰጠኝ ግን ቁጥር 37 ነው። የማዘጋጃ ቤት ሰው ነው፣ የት እንደሆነ አልተናገረም። ያማረ ነገር መሥራት ቀላሉ ነው ይላል፤ ከባዱ ማሞቅ ነው። በጥጋብ ዓመት የተሠራ 50 ሜትር የመዋኛ ገንዳ በረሃብ ዓመትም ውኃው መሞቅ አለበት። ጣሪያው ማፍሰስ የሚጀምረው ደግሞ ግብሩ ከፍ ባለበት ዓመት አይደለም። ከንቲባ ሲመሰገን ሪባን የቆረጠበት ቀን ይቆጠርለታል፣ ከሱ በኋላ የመጡት ግን ሂሳቡን ይዘው ይቀራሉ። ግሩበርን አልነቀፈውም። ፋብሪካው አንድ ብቻ በሆነበት ከተማ የሚመጣውን ዝቅታ አስቦ መሥራት ይቻል ነበር ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ። እኔ መልስ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ሦስቱንም አጠፋሁት። ጥያቄዬን ሰውዬው ወይስ ገንዘቡ ብዬ ማስቀመጤ ራሱ ነው የተበላሸው። ሰውዬው ገንዘቡን ወደ ቱቦና ወደ ትምህርት ቤት መለሰው፤ ገንዘቡም ሰውዬው ያለዚያ የማያልመውን እንዲያልም አደረገው። ቁጥር 4 እስከ አሁን አልተመለሰም።

38 እና 39 ከበብሊንገን ናቸው። በብሊንገንና ሲንደልፊንገን ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው፣ መሀላቸው አውቶባን ነው ያለው፤ ፉክክራቸው የደሴና የኮምቦልቻ ዓይነት ነው። ብዙ ተጻጻፉ። ያልፋል።

ቁጥር 41 እናት ናት። ልጇን የወለደችው ሲንደልፊንገን ሆስፒታል ነው። የሆስፒታሉ አድራሻ አርቱር ግሩበር ጎዳና ቁጥር 70 ነው። ለልደት ወረቀት፣ ለኢንሹራንስ፣ ለሕፃናት ሐኪም፣ ያንን ስም ፊደል በፊደል እየጻፈች ዓመታት ኖራለች። ሰውዬው ሐኪም ይመስላት ነበር። ከንቲባ መሆኑን ያወቀችው ከዚህ ክር ነው። 42 የሁለቱ ከተሞች ሆስፒታል በመሀላቸው የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ፍሉግፌልድ በሚባለው፣ በሚሠራው አዲስ ሕንፃ ሊጠቃለል እንደሆነ ነገራት። ቀጥሎ 43 ላይ ተመለሰች። ማክሰኞ በዚያ ሲያልፉ ልጁ የጎዳናውን ስም ጮክ ብሎ አንብቦ ማነው ይሄ አላት። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አማርኛ ማንበብ እየተማረ ነው። ስልኳን ሰጥታ ክሩን አስነበበችው። እብነ በረዱን አለፈ፣ ግብሩን አለፈ፣ ኃይሌ ጋ ሲደርስ ቆመና አዳራሹ ከዚህ በእግር ይርቃል ወይ ብሎ ጠየቃት።